ባዶ ቀለሃ፣ ስፍርና ሚዛን



የዚህ መጽሔት አዘጋጆች «ስለ ጅቡቲና ስለ አገራችን የቆየ ንግድ አንድ ነገር ጻፉልን» ብለው በጠየቁን ጊዜ መጀመሪያ ያሰብነው ስለ ቡናው፣ ስለ ጨውና ስለ ባቡሩ ነበር። ነገር ግን ስለ እነዚህ ከእኛ የተሻለ የሚያውቁ አባቶች በመካከላችን አሉ። እኛ ባለሱቆች እንጂ የታሪክ ሊቃውንት አይደለንም፤ ትምህርታችንም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ስለዚህ የምናውቀውን አንድ ነገር እንጻፍ ብለን ወሰንን።

በሱቃችን ከሚዛኑ አጠገብ አንድ አሮጌ የናስ ቀለሃ ተቀምጧል። ቁመቱ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም፤ ቂጡ ሰፊ፣ አንገቱ ጠበብ ያለ ነው። ባዶ ነው፤ ባሩድም እርሳስም የለውም። የወረቀት መጫኛ አድርገነዋል። ለዕቃ የሚላኩ የሰፈር ልጆች ሁልጊዜ «ይሄ ምንድን ነው?» ይሉናል። ከዛሬ በኋላ ይህን መጽሔት እንሰጣቸዋለን።

ጥይቱ ያለፈበት በር

ዛሬ በወደባችን በኩል ስንዴ፣ ማዳበሪያና መኪና ያልፋል። ከ130 ዓመት በፊት ግን በዚህ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ከሚያልፈው ዕቃ ሁሉ ብዙ የሚወራለት ጠመንጃና ጥይት ነበር። ጅቡቲ ገና ከተማ ሳትሆን ነጋዴዎች ዕቃቸውን በኦቦክና በታጁራ ያወርዱ ነበር። ከታጁራ የተነሣ ሲራራ ነጋዴ የአሳልን ሐይቅ አልፎ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ ወደ ሸዋ ይወጣል። መንገዱ ወራት ይፈጅ ነበር።

በዚህ መንገድ ካለፉት አንዱ ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ነው። በአገሩ በገጣሚነቱ ስሙ የተጠራ ሰው ነው፤ እዚህ ግን ነጋዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1885 መጨረሻ ታጁራ ደርሶ ፈቃድና ግመል ሲጠብቅ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ተቀመጠ። አንዱ ሸሪኩ ላባቱ በሕመም ሞተ፤ አብሮት ሊጓዝ ያሰበው ሶሌዬም ኤደን ላይ ሞተ። ራምቦ ብቻውን በጥቅምት 1886 ተነሥቶ በየካቲት 1887 አንኮበር ደረሰ። የጫነው ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ነበር፤ ያውም በአውሮፓ ጊዜ ያለፈበት። ንጉሥ ምኒልክ ሐረርን በዚያው ሰሞን ይዘው ስለነበር ዋጋውን ዝቅ አድርገው ተቀበሉት፤ ከዚያም ላይ የሟቹ ሸሪክ አበዳሪዎች ተሻሙበት። ራምቦ በዚህ ንግድ እንዳልቀናው በደብዳቤዎቹ አማሯል። እኛ ነጋዴዎች ይህን ስናነብ ፈገግ እንላለን፤ ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ በሩቅ አገር ሸጦ ማትረፍ ያኔም ቀላል አልነበረም።

ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1888 ተቆረቆረች። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የኦቦክ አስተዳደር ወደዚህ ተዛወረ። የባቡሩ ሥራ በ1897 እዚሁ ተጀመረ፤ ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ግመል በወራት ያደርሰው የነበረውን ዕቃ ባቡሩ በቀናት ማድረስ ጀመረ። የብዙዎቻችን አያቶች በዚህ ሐዲድ ላይ ሠርተው፣ በሐዲዱ ዳር ተወልደው፣ በሐዲዱ ተሳፍረው ነው እዚህ የደረሱት። ጥይቱም እንዲሁ በተቃራኒው ወጣ።

ጥይት ገንዘብ በነበረበት ዘመን

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተሰለፈው ሠራዊታችን የያዘው ጠመንጃ አንድ ዓይነት አልነበረም። የፈረንሳዩ ግራ ነበረ፤ «ፉዚል ግራ» የሚለውን ስም አባቶቻችን ወደ አፋቸው አምጥተው «ውጅግራ» አሉት። በ1875 እና በ1876 እ.ኤ.አ. ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብፅ ጦር የተማረከ ሬሚንግተን ነበረ። ከጣሊያን የመጣ ቬተርሊ፣ ከሩሲያ የመጣ በርዳንም ነበረ። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ጠመንጃ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ለዚያ ጠመንጃ የሚስማማውን ጥይት ዓመት ከዓመት ማግኘት ግን ሌላ ጣጣ ነው።

ኃያላን መንግሥታትም በሩን ይከፍቱና ይዘጉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890 በብራስልስ የተፈረመው ስምምነት ወደ አፍሪካ የሚገባውን መሣሪያ ለመገደብ ነበር። በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በዚህ አካባቢ የሚዘዋወረውን መሣሪያ ለመቆጣጠር ተስማሙ። በ1935 ጣሊያን ሊወረን በተዘጋጀበት ሰዓት ደግሞ መሣሪያ እንዳይሸጥልን ከለከሉ። በሩ በተዘጋ ቁጥር ያለው ጥይት ዋጋ ይጨምራል።

ከዚህ የተነሣ ጥይት በብዙ የአገራችን ገበያዎች እንደ ገንዘብ ሆነ። ትልቁ ገንዘብ የማርትሬዛ ብር ነበር፤ ዝርዝሩ አሞሌ ጨው ነበር፤ በመካከል ደግሞ ጥይት ነበረ። ሰው አንድ ጥይት ሰጥቶ ቅቤ ወይም እህል ይሸምታል። እንደ ገንዘብ የሚያገለግል ነገር ደግሞ በከንቱ አይጣልም። ተተኩሶ የወደቀ ቀለሃ ከሣር ውስጥ ተፈልጎ ይለቀማል፤ ባዶውም ዋጋ አለው። ለምን ቢባል፣ እንደገና ይሞላል።

ሞይው ብዙ ጊዜ የመንደር ቀጥቃጭ ወይም እጁ ብልሃተኛ የሆነ ባላገር ነው። ባሩዱ ከሦስት ነገር ይዘጋጃል፤ ባሩድ ከሚሠራበት ጨው፣ ከከሰልና ከድኝ። ድኙ በአፋር ቆላ እንደ ዳሎል ባሉ ቦታዎች ከመሬት ይገኛል። እርሳስ ቀልጦ በቅርጽ ይፈስሳል፤ እርሳስ የጠፋበት ብረት ይቀጠቅጣል። በአገር ቤት የተወቀጠ ባሩድ ከፋብሪካው ይልቅ ደካማ ስለሚሆን የተሞላው ጥይት ከአዲሱ ያነሰ ኃይል ነበረው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ለጦርነት አዲሱ ይቀመጣል፤ የተሞላው ማሽላ ለሚጨርስ ዝንጀሮና ማሳ ለሚገለብጥ ከርከሮ ይሆናል። ሙሉ ጥይት በዝንጀሮ ላይ መተኮስ ብር መወርወር ነበርና።

እንግዲህ ኃይሉ የተቀነሰ ጥይት በእኛ ዘንድ የመጣው ከቁጠባ ነው። ቁጠባ መልካም ነገር ነው። አደጋው ሌላ ቦታ ነበር።

የሞላ ቀለሃ ራሱ ሚዛን ነበር

የውጅግራ ጥይት እንደ ፋብሪካው ሥራ 5.25 ግራም ጥቁር ባሩድና 25 ግራም እርሳስ ነበረው። እርሳሱ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ እየበረረ ይወጣል። ባሩዱ ቀለሃውን ሞልቶ እርሳሱ ይጫነዋል፤ በመካከል ክፍተት የለም። የጥቁር ባሩድ ሕግ ይኸው ነው፤ በባሩዱና በእርሳሱ መካከል ባዶ ቦታ አይተውም። ባዶ ቦታ ከተተወ ግፊቱ ባልታሰበ ቦታ ይበረታና አፈሙዙን ሊያብጥ፣ ሊሰነጥቅም ይችላል። ስለዚህ አባቶቻችን ባሩድ መቀነስ ሲፈልጉ ክፍተቱን በጭረትም ቢሆን፣ በጨርቅም ቢሆን፣ በአንድ ነገር መሙላት ነበረባቸው።

ይህ የእኛ ብቻ ብልሃት አይደለም። እንግሊዞች በ1870ዎቹ የማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃቸውን ለፈረሰኛ አሳጥረው ሲሠሩ የረጅሙ ጥይት ትከሻ እየመታ አስቸገራቸው። ለረጅሙ ጠመንጃ 5.5 ግራም ያህል የነበረውን ባሩድ ለአጭሩ ወደ 4.5 ግራም አወረዱት፤ እርሳሱንም አቀለሉት። አሜሪካኖችም በዚያው ዘመን ለፈረሰኞቻቸው ጠመንጃ ከ4.5 ግራም ወደ 3.6 ግራም ገደማ ቀንሰዋል። ሁለቱም ይህን ያደረጉት በፋብሪካ፣ መዝነው፣ ሞክረው፣ ለየትኛው ጠመንጃ እንደሆነ ለይተው ነው። መቀነስ ራሱ ክፉ አይደለም ማለት ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልን። በጥቁር ባሩድ ዘመን ሞይው ሚዛን አያስፈልገውም ነበር። በቀንድ ጫፍ በተሠራ ትንሽ ስፍር ይሰፍራል፤ ቀለሃው ሲሞላ ይበቃዋል። ተሳስቶ ሁለተኛ ስፍር ቢጨምርስ? ይፈስሳል! ባሩዱ ከአፉ ሞልቶ መሬት ላይ ይበተናል። ስህተቱን ዓይኑ ያያል። ቀለሃው ራሱ ሚዛን ነበር።

እኛ ሱቅ ውስጥ የምንኖር ሰዎች የስፍርና የሚዛን ልዩነት ይገባናል። አንድ ጣሳ ጤፍና አንድ ጣሳ ስኳር እኩል ስፍር ናቸው፤ ሚዛን ላይ ሲወጡ ግን አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ጤፍ ብቻ የሚሸጥ ባለሱቅ በጣሳ ብቻ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። ዕቃው የተለወጠ ዕለት ግን ጣሳው ያታልለዋል።

ዕቃው ተለወጠ

እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ጢስ የሌለው ባሩድ ሠራ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1886 ፈረንሳይ ይህን ባሩድ የሚተኩስ አዲስ ጠመንጃ አወጣች፤ ለበል ይባላል፤ አባቶቻችን «ለበን» ያሉት ነው። ጥይቱ ቀጠነ፤ ከ11 ሚሊሜትር ወደ 8 ሚሊሜትር ወረደ። የባሩዱ ክብደት ከ3 ግራም በታች ሆነ፤ ከውጅግራው ግማሽ ያህል መሆኑ ነው። ሆኖም እርሳሱን በሰከንድ ከ600 ሜትር በላይ ያስወነጭፋል። በግማሽ ክብደት የበለጠ ሥራ!

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል ከክብደቱ ግማሽ የሚያህለው ወይም የሚበልጠው ወደ ጢስና ወደ ጥላሸት ይሄዳል፤ እርሳሱን የሚገፋው የቀረው ነው። ጢስ አልባው ግን ሙሉ ለሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ወደ አየር ይለወጣል። ከዚህ የሚበልጠው ሌላ ባሕርይ አለው፤ ግፊቱ እየጨመረ ሲሄድ አቃጣጠሉም እየፈጠነ ይሄዳል። ፍጥነቱ ግፊትን ይወልዳል፤ ግፊቱ ደግሞ ፍጥነትን። ስለዚህ ባሩዱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ እጥፍ ብቻ ሆኖ አይቆምም፤ ከዚያ በላይ ይዘላል።

ለእኛ አገር ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ ነበረ። ፈረንሳዮች የለበልን ቀለሃ ሲሠሩ ከውጅግራው ቀለሃ ተነሥተው አንገቱን አቅጥነው ነው የሠሩት። ቂጣቸው ይመሳሰላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ባላገር «እኒህ ወንድማማች ናቸው» ቢል አይፈረድበትም። ቀለሃዎቹ በእርግጥ ወንድማማች ናቸው። በውስጣቸው ያለው ግን ባዕድ ነው።

የአያታችን ወንድም

ከዚህ በኋላ ያለው በመጽሐፍ ያነበብነው አይደለም፤ የቤታችን ታሪክ ነው።

የአያታችን ታላቅ ወንድም ጨርጨር ውስጥ፣ ከባቡሩ ሐዲድ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። ልጆች ሁላችን «አባባ» እንላቸው ነበር። ቀኝ ዓይናቸው አያይም፤ የግራ እጃቸው ሦስት ጣት ብቻ ነበረው። እኛ ስንወለድ ጀምሮ እንዲሁ ስለነበሩ ሽማግሌ ሁሉ እንዲህ የሚሆን ይመስለን ነበር።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አባባ ከአባታቸው የወረሱት ውጅግራ ነበራቸው፤ ጥይት ግን አልነበራቸውም። አንድ ጎረቤታቸው ደግሞ ከጦርነቱ የተረፈ አንድ ቦርሳ የለበን ጥይት ነበረው፤ ጠመንጃው ግን የለም። ማሽላው አሽቷል፤ ዝንጀሮው ከገደሉ በየቀኑ ይወርዳል። ሁለቱ ተመካከሩ። የለበኑን ጥይት ነቅለው ባሩዱን በማውጣት አሥር የውጅግራ ቀለሃ ለመሙላት ተስማሙ። ካፕሱሉን ከድሬዳዋ አስመጡ፤ እርሳሱን አባባ ራሳቸው አፈሰሱ።

አባባ ግድየለሽ ሰው አልነበሩም። ከለበኑ የወጣው ባሩድ እንደ ተቆራረጠ ቅጠል ትንንሽ ጠፍጣፋ ፍሬ መሆኑን አይተው «ይሄ የኛ ባሩድ አይደለም፤ ኃይለኛ ነው» አሉ። ስለዚህ በቀንዷ ስፍር ሙሉ ሳይሆን ግማሽ እየሰፈሩ መሙላት ጀመሩ። ለዝንጀሮ ግማሽ ይበቃል፤ ጠመንጃውም አሮጌ ነው፤ ባሩዱም ይቆጠባል። ሦስት በጎ ምክንያት!

ቀለሃዎቹን በሰፌድ ላይ ደርድረው በመሙላት ላይ እያሉ ቡና ደረሰ ተብለው ተጠሩ። ሦስተኛውን ጠጥተው ተመለሱ። ከየትኛው ላይ እንዳቆሙ ልብ አላሉም። በጥቁር ባሩድ ቢሆን አንገቱ ድረስ የሞላው ከባዶው ይለያል። ይህኛው ግን ቀለሃው ሥር ላይ ተኝቶ አይታይም። የቤቱ ውስጥ ደግሞ ጨለማ ነው። የመሰላቸውን ሞልተው እርሳሱን ደፈኑበት።

በማግሥቱ ማሳው ዳር ተቀምጠው ተኮሱ። አንደኛው ደህና። ሁለተኛው ደህና። ሦስተኛው አንድ ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ ጣለ። ጎረቤትዬው «እጅህ ይባረክ» አለ። አራተኛው ላይ ቀለሃው ከቂጡ ተቀደደ፤ መዝጊያው ተፈናቅሎ እሳቱ ወደ ኋላ መጣ። የጠመንጃው እንጨት በግራ እጃቸው ውስጥ ተፈረካከሰ።

ሽማግሌው በኋላ ዘመናቸው እንዲህ ይሉ ነበር፤ «አበዛሁ ብዬ ብፈራ ኖሮ በተጠነቀቅኩ ነበር። አሳነስኩ ብዬ ተኛሁ።»

ትንሽ ባሩድ ለምን ያታልላል?

እኛ ካደግን በኋላ ይህን ነገር ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቀናል፤ ያገኘነውንም አንብበናል። በአሜሪካና በአውሮፓ በፈቃድ ጥይታቸውን ራሳቸው የሚሞሉ አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች አሉ። ለትንንሽ ጠመንጃዎች ኃይሉ የተቀነሰ ጥይት መሙላት በእነሱ ዘንድ የታወቀ ሥራ ነው፤ ትከሻ አይመታም፣ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ልጅ ለማስተማርም ይመቻል። ሆኖም የሚጠነቀቁበትን ስንሰማ የአባባ ታሪክ የተነገራቸው ይመስላል። ስህተቱ በሦስት መንገድ ይመጣል ይላሉ።

አንደኛው የአባባ ነው። ቀለሃው ግማሹ ባዶ ስለሆነ ሁለት ስፍር ይችላል፤ አይፈስስም፤ አይናገርም። ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። ባሩዱ ከመጠን በላይ ካነሰ እርሳሱን ገፍቶ ከአፈሙዙ አያወጣውም፤ መንገድ ላይ ይሰነቀራል። ተኳሹ «ከሸፈ» ብሎ ሌላ አጉርሶ ሲተኩስ ሁለተኛው እርሳስ ከመጀመሪያው ጋር ይጋጫል፤ አፈሙዙም ይፈነዳል። ሦስተኛው ለሊቃውንቱም አከራካሪ የሆነው ነው። ለትልልቅ ጥይት ተብሎ የተሠራ ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ በትልቅ ቀለሃ ውስጥ በጣም አንሶ ሲገባ አልፎ አልፎ ያለ አግባብ ግፊት ፈጥሮ ጠመንጃ ሰብሯል። ባሩዱ በቀለሃው ውስጥ ተኝቶ ካፕሱሉ በላዩ ላይ ሲተኩስ የሚሆነውን ነገር ሁሉም በአንድ ቃል አላስረዱትም። በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ የባሩዱ ሠሪ ካስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን በታች በራስ ግምት አይወረድም።

ታዲያ በደህና የሚሠሩት እንዴት ነው? ከመጽሐፍ ይጀምራሉ። የባሩዱ ፋብሪካ ለየትኛው ጥይት፣ ለየትኛው ክብደት እርሳስ፣ ስንት ባሩድ እንደሚገባ በሠንጠረዥ ያትማል፤ የተቀነሰውንም ጭምር። ለተቀነሰ ጥይት የሚመርጡት ቶሎ የሚነድና ሰፋ ብሎ ቦታ የሚይዝ ባሩድ ነው፤ ቀለሃውን ስለሚሞላ ሁለተኛ ስፍር ቢጨመርበት ይፈስሳል። ያ የአያቶቻችን ጥበብ ተመልሶ መጣ ማለት ነው! ስማቸው ተጽፎ ካልታሸገበት ዕቃ ባሩድ አይወስዱም፤ ከሌላ ጥይት የወጣ ባሩድም ለመሙላት አይጠቀሙም። የግራሙን ክፋይ በሚለይ ሚዛን ይመዝናሉ። ጠረጴዛቸው ላይ ከአንድ ዓይነት ባሩድ በላይ አያስቀምጡም። የተሞሉትን ቀለሃዎች በመደዳ አቁመው፣ እርሳስ ከመድፈናቸው በፊት፣ በመብራት የእያንዳንዱን ከፍታ ያያሉ። ሲተኩሱም ድምፁ የላላ ከመሰላቸው ቆመው አፈሙዙን አሾልከው ሳያዩ ሌላ አያጎርሱም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራውን ሲጀምሩ ሬድዮ ይዘጋል፤ እንግዳ አይገባም። ተነሥተው ከሄዱ የጀመሩትን መልሰው ገልብጠው ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

ይህን የጻፍነው ማንም እንዲሞክረው አይደለም። በእኛ አካባቢ መሣሪያ በፈቃድ የሚያዝ ነገር ነው፤ በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝን በፈቃድና በቁጥጥር ሥር አድርጎታል። የጻፍነው ዕውቀቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ እንድታዩ ነው። አባባ የጎደላቸው ድፍረት ወይም ጥንቃቄ አልነበረም። የጎደላቸው ሦስት ነገር ነው፤ ሠንጠረዥ፣ ሚዛንና የባሩዱ ስም። ጠመንጃው፣ ጥይቱና ባሩዱ በዚህ በወደባችን በኩል አልፎ ጨርጨር ድረስ ሲወጣ ዕውቀቱ አብሮት አልተጫነም። ሻጩ ዕቃውን ሸጠ እንጂ አጠቃቀሙን አልሸጠም። ይህ ለእኛ ለነጋዴዎች የሚከብድ ወቀሳ ነው።

የቀሩት ስድስቱ

አሥር ቀለሃ ተሞላ፤ አራቱ ተተኮሱ። ስድስቱ ቀሩ።

ከስድስቱ ውስጥ ሁለት ስፍር የገባበት ሌላ ይኑር አይኑር አባባም አያውቁም። እርሳሱ ከተደፈነ በኋላ ከውጭ ሁሉም አንድ ነው። ሊተኮሱ አይችሉም፤ ሊሸጡም ነውር ነው፤ ደፍሮ የሚከፍታቸውም ጠፋ። በጨርቅ ተጠቅልለው አልጋ ሥር በነበረው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ወደ 30 ዓመት ተቀመጡ። እኛ ልጆች ሣጥኑን እንዳንነካ በእግዚአብሔር ስም ተገዝተን ነበር። ነካን ወይ? አንድ ቀን ከታላቅ ወንድማችን ጋር ሆነን ከፍተን አይተናል። በእጃችን ይዘን በጆሯችን ሥር ነቅንቀናል። ከውስጥ ባሩዱ ሽው ሽው ይል ነበር። ዛሬ ይህን ስናስብ ሰውነታችን ይቀዘቅዛል።

አባባ ካረፉ በኋላ አባታችን ስድስቱን በጨርቃቸው እንደተጠቀለሉ ወስደው ለፖሊስ አስረከቡ። የተቀበላቸው መቶ አለቃ «ምንድን ነው የተሞሉት?» ቢላቸው፣ «ጌታዬ፣ እሱን አለማወቃችን ነው ያመጣኝ» አሉት። መቶ አለቃው ሁለተኛ ጥያቄ አልጠየቃቸውም።

ከሚዛናችን አጠገብ ያለው ቀለሃ ደህና ከተተኮሱት ከሦስቱ አንዱ ነው። እናታችን ከቤት ስንወጣ ሰጥታን በባቡር ይዘነው መጣን። ያ አሮጌ ባቡር ዛሬ እዚህ አይደርስም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ተተክቶበታል። ቀለሃው ግን አለ።

በመካከላችን ከአባቶቹ የቀረ አሮጌ ጥይት ለማስታወሻ ብሎ በሻንጣ ወይም በቁም ሣጥን ያስቀመጠ ቤተሰብ እንደሚኖር እንገምታለን። ለአባቶቻችን ክብር እንዳላችሁ እናውቃለን፤ እኛም አለን። ሆኖም ያረጀ ጥይት ማን እንደሞላው፣ ምን እንደሞላው አይታወቅም። አትክፈቱት፤ እሳት አጠገብ አታኑሩት፤ ልጅ አይጫወትበት። በሕግ ለሚመለከተው አካል አስረክቡና ታሪኩን ብቻ አስቀሩ። ታሪክ አይፈነዳም።

ልጆቻችሁ ወደ ሱቃችን ሲመጡ ባዶውን ቀለሃ እናሳያቸዋለን። በሚዛኑም ላይ አውጥተው እንዲመዝኑት እንፈቅድላቸዋለን።

ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ በሰላምና በጤና ያድርሰን።